ይታጨድ፣ ይጋጥ፣ ይከለል ወይስ ይተው? በሐዋሳ ዙሪያ የሳር መሬትና ጦም ያደረ ማሳ ላላችሁ

ክፍት የሳር መሬት ያለው ሰው ምክር አይቸግረውም። አንዱ ጎረቤት «እረሰው» ይለዋል። ሌላው «ባህር ዛፍ ሰካበት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አጣና አድርገህ ትሸጠዋለህ» ይለዋል። ሦስተኛው ምክር ሳይሰጥ ከብቱን ነድቶ ያስገባበታል። «ዝም ብለህ ተወው፣ ተፈጥሮ ራሷ ታውቃለች» የሚልም አይጠፋም። እሱ ግን ብዙ ጊዜ ከብትም ማጭድም የሌለው ሰው ነው።

ይህ መመሪያ ሐዋሳና ዙሪያዋ ላይ እንዲህ ዓይነት መሬት በእጃቸው ላለ ሰዎች የተጻፈ ነው። ገበሬ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የወጣቶች ማኅበር፣ የትምህርት ቤት ግቢ ኃላፊ፣ ሐይቅ ዳር ሎጅ ያለው ሰውም እንደዚያው። ጥያቄው አንድ ነው፦ መኖውን ሳናጣ ወፉ፣ ንቡ፣ አበባውና የአገሩ ሳር እንዲቆይ የትኛው አያያዝ ይሻላል?

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ከዘዴው ይልቅ ጊዜው ይበልጣል። በጥሩ ወቅት የገባ ከብት በመጥፎ ወቅት ከተሳለ ማጭድ ይሻላል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ፣ ዘዴው ምንም ይሁን ምን፣ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀን ማዳረስ ነው።

መጀመሪያ መሬታችሁ የቱ ነው?

ሐዋሳ ላይ «የሳር መሬት» ሲባል ቢያንስ አራት ዓይነት ነገር ማለት ነው። አያያዛቸው አይገናኝም።

የመጀመሪያው እርጥቡ ነው። ጨለለቃን አስቡ። የቢሾፍቱውን ሳይሆን ከሐዋሳ ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለውን። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ክፍት ውሃ ነበር። ከዙሪያው ተራሮች በጎርፍ የመጣ ደለል እየሞላው ዛሬ አብዛኛው ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። ውሃው በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ሐይቁ ውስጥ ይገባል። እዚህ ያለው ሳር ከመኖ በላይ ሥራ አለው። ደለሉን ያጣራል። የሐዋሳ ሐይቅ በወንዝ የሚወጣ ውሃ ስለሌለው አንዴ የገባበት አፈር እዚያው ነው የሚቀረው።

ሁለተኛው ደረቁ ነው። ግራር ጣል ጣል ያለበት፣ ድንጋያማ፣ ከብት ሲመላለስበት የኖረ ተዳፋት። ይህ መሬት ሐምሌ ላይ አረንጓዴ፣ የካቲት ላይ አቧራ ነው። የጥንቱ መልኩ ምን እንደነበር ማየት የሚፈልግ ከሻሸመኔ ወደ አጄ አቅጣጫ ወጥቶ ሰንቀሌን ይይ። 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ መጠለያ ነው። የተከለለው በ1960ዎቹ ዓ.ም. የስዌይን ቆርኬን ለማዳን ነበር። ይህ ቆርኬ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። የሚኖረውም ረጅም ሳር ላይ ነው። ሳሩ በከብትና በእርሻ ሲጠብ ቆርኬው አብሮ ይጠባል።

ሦስተኛው ጦም ያደረ ማሳ ነው። በቆሎ ወይም ቦሎቄ ተነሥቶ ለአንድ ወቅት ወይም ለአንድ ሁለት ዓመት ያረፈ መሬት። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

አራተኛው የከተማ ግቢ ነው። የትምህርት ቤት ጓሮ፣ የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ የሎጅ መስክ። ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ብዙ ጊዜ ከብት ስለማይደርስበት ሌላ ቦታ የጠፋ አበባ እዚያ ይገኛል።

ዝም ብሎ መተው

ወጪ የለውም። ጉልበትም አይጠይቅም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውጤቱም ደስ ይላል። ሳሩ ይረዝማል። አበባው ይወጣል። ቆቅና ጅግራ ይመለሳሉ።

ችግሩ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ማንም ካልበላውና ካላጨደው ያለፈው ዓመት ደረቅ ሳር በአዲሱ ላይ ይተኛል። ከሥር ብርሃን አይደርስም። ትንንሾቹ አበቦች ይታፈናሉ። አንድ ወይም ሁለት ረጃጅም የሳር ዓይነቶች ሜዳውን ይወርሱታል። ከዚያ ቁጥቋጦ ይገባል። ሐዋሳ አካባቢ ቁጥቋጦ ሲባል ደግሞ የአገር ዛፍ ብቻ አይደለም። የወፍ ቆሎም አለ። አበባው ያምራል፣ ወፍም ፍሬውን ይዞ ይበትነዋል። አንዴ ከበቀለ ግን ሳሩን ያጠፋዋል።

ስለዚህ መተው ጥሩ የሚሆነው ለአጭር ጊዜ፣ ወይም ከመሬቱ ለጥቂቱ ብቻ ነው። በጣም የተጎዳ፣ ሥሩ የተነቀለ መሬት ካላችሁ አንድ ሁለት ክረምት ዝም ማለት ትክክል ነው። ለዘለቄታው ግን መተው አያያዝ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የገጠር መሬት ከሆነ፣ በቂ ምክንያት ሳይኖር ለተከታታይ ዓመታት ሳይሠራበት የቆየ ይዞታ መብት ሊያሳጣ ይችላል። በከተማም በሊዝ የተያዘ መሬት የጊዜ ገደብ አለው። «ለወፍ ብዬ ነው የተውኩት» የሚል መልስ ቀበሌ ላይ ብዙ ርቀት አይወስድም። ሳሩን እያጨዳችሁ፣ ድርቆሽ እየሸጣችሁ ከሆነ ግን መሬቱ ሥራ ላይ ነው። ከመተዋችሁ በፊት የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

መከለል

መከለል ከመተው የሚለየው በስምምነቱ ነው። ከብት አይገባም፤ ሰው ግን በተወሰነ ጊዜ ገብቶ ያጭዳል። አጥሩ የእሾህ ይሁን የቁልቋል ለውጥ የለውም። ዋናው አጥር የመንደሩ ቃል ነው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ምስክር ያለው መንዝ ነው። የጓሳ መሬት ለዘመናት በ«ቄሮ» ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሳሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል። ከዚያ በተቆረጠ ቀን ይከፈታል፣ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፣ እንደገና ይዘጋል። ጣራ የሚከደነውም ገመድ የሚፈተለውም ከዚያ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አናግቶት ነበር፤ ማኅበረሰቡ በኋላ በአዲስ መልክ መልሶ አደራጅቶታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ። ልብ በሉ፣ ጓሳ የቆየው ሰው ስላልነካው አይደለም። ሰው በተራ ስለነካው ነው።

ወደ ደቡብ ደግሞ ነገሌ ቦረና አጠገብ የሊበን ሜዳ አለ። እዚያ የምትኖር አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። ቀድሞ በሲዳሞ ስም ትጠራ ነበር። ሣር ላይ ስለምትኖር ሣሩ ሲጋጥ፣ ሲታረስና በቁጥቋጦ ሲወረር መግቢያ አጣች። በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ በታሪክ ተመዝግቦ የሚጠፋው የመጀመሪያው ወፍ እሷ ትሆናለች ተብሎ እስኪፈራ ድረስ ቁጥሯ ወረደ። መፍትሔ ሆኖ የተያዘው የቦረና ሕዝብ ከጥንት የሚያውቀው ካሎ ነው፤ ለጥጃና ለደካማ ከብት ተብሎ የሚከለል ግጦሽ። ጥጃውም ይጠቀማል፣ ወፏም ትጠለላለች።

ለሐዋሳ ምን ማለት ነው? ለወል ተዳፋት መከለልን እመርጣለሁ። ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ ከብቱ ከዚያ ሲወጣ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ካልታወቀ ጎረቤት ያለው መሬት ነው የሚራቆተው። ሁለተኛ፣ ሳሩን የሚያጭደው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ጠባቂው በምን እንደሚከፈለው መጻፍ አለበት። ጠባቂው ከሳሩ ድርሻ ቢያገኝ ጥሩ ነው። ሰው ከተከለለ መሬት ምንም ካላገኘ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል። በሁለተኛው ዓመት ሌሊት ከብት ታያላችሁ።

ማሰማራት

የተፈጥሮ ጥበቃ ነገር ሲነሣ ከብት እንደ ጠላት ይታያል። ፍትሐዊ አይደለም። ከብት ረጃጅሙን ሳር ስለሚቀንስ ለአጫጭሩ ቦታ ይከፍታል። ዘር በኮቴውና በፋንድያው ያዳርሳል። ፋንድያው ራሱ ለጥንዚዛ ቤት ነው፣ ጥንዚዛው ለወፍ ምግብ ነው። ከብት ተከትሎ የሚሄደውን ነጭ ወፍ ያላየ የሐዋሳ ሰው የለም። ከሩቅ አገር የሚመጡ ትንንሽ ቢጫ ወፎችም በበጋ ከላሞች እግር ሥር አይጠፉም።

ጠላቱ ቁጥርና ጊዜ ነው። ቁጥሩን በቀላል ሒሳብ እንየው። 250 ኪሎ የምትመዝን የአገር ላም በቀን ከክብደቷ 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች። ስድስት ኪሎ ገደማ ማለት ነው። መሬታችሁ በሄክታር በዓመት 3 ቶን ደረቅ ሳር ይሰጣል እንበል። ግማሹን ለሥሩ፣ ለዘሩና ለአፈሩ ትተዋላችሁ። 1,500 ኪሎ ይቀራል። ያ ለአንዲት ላም 250 ቀን ነው። ዓመቱን እንኳ አይሞላም። አሁን አንድ ሄክታር የወል ግጦሽ ላይ ስንት ከብት እንደምታዩ አስቡ። ሳሩ ለምን ወደ ሰርዶ ብቻ እንደሚወርድ ይገባችኋል። ሰርዶ በመሬት ላይ ስለሚሳብ ጥርስ አያጠፋውም። ሌላው ግን ሳያብብ ያልቃል።

በዙር ማሰማራት ይህን ያስተካክላል። መሬቱን ለሦስት ወይም ለአራት ትከፍሉታላችሁ። ከብቱ አንዱ ላይ ሲሆን ሌላው ያርፋል። በዝናብ ወቅት የተጋጠ ሳር ለማገገም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። በበጋ ዕረፍቱ ትርጉም የለውም፣ ሳሩ አያድግምና። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ በየዓመቱ አንዱ ክፍል ክረምቱን በሙሉ ሳይነካ አብቦ ዘር ይጥል። በሚቀጥለው ዓመት ተራው የሌላው ነው። በሦስት ወይም በአራት ዓመት ሁሉም ይደርሰዋል።

እርጥብ መሬት ላይ አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ። አፈሩ ጭቃ በሆነበት ጊዜ ከብት አታስገቡ። የሚበሉት ትንሽ፣ የሚረግጡት ብዙ ነው። ጨለለቃ ዓይነት ቦታ ላይ ግጦሽ የሚሻለው ውሃው ሸሽቶ መሬቱ ሲጠነክር ነው። በዚያ ላይ በክረምት መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች እስከዚያ ጫጩታቸውን ይዘው ይወጣሉ።

መድኃኒትም ይታሰብበት። አይቨርሜክቲን የሚባለውን የጥገኛ ትል መድኃኒት የተወጋ ከብት ፋንድያ ውስጥ የመድኃኒቱ ቅሪት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። የጥንዚዛውን እጭ ይገድላል። ከብታችሁን አታክሙ አላልኩም። ያከማችሁትን ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤት አቆዩት፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወግታችሁ መስኩ ላይ አትልቀቁ።

ማጨድ

በግሌ የምወደው ይሄ ነው። አነስ ያለ መሬት ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። አጥር ብዙ አይፈልግም። ድርቆሽ ይሸጣል። ሐዋሳ ላይ ሳር በጋሪ ሲዞር የሚውልበት ከተማ ነው፤ ገበያ አይጠፋም። በዓል ሲደርስ ደግሞ ቄጠማ አለ።

ክርክሩ መቼ ይታጨድ የሚለው ላይ ነው። ለከብት የሚጥመው ሳር ማበብ ሲጀምር የታጨደው ነው። ከዚያ በኋላ እየደረቀ፣ ገለባ እየሆነ፣ ገንቢነቱ እየወረደ ይሄዳል። ለብዝኃ ሕይወት የሚጠቅመው ደግሞ ዘሩ ከረገፈ በኋላ የታጨደው ነው። ሁለቱን ማስታረቅ አይቻልም። መካፈል ግን ይቻላል።

የምመክረው እንዲህ ነው። መስኩን ለሦስት ክፈሉት። አንዱን ሦስተኛ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ሳሩ ለጋ ሳለ እጨዱት። ይህ ለወተት ላማችሁ ነው። ሁለተኛውን ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ፣ ዘሩ ሲረግፍ። ይህ ለሽያጭና ለበጋ ነው። ሦስተኛውን በዚያ ዓመት አትንኩት። ነፍሳት በደረቁ አገዳ ውስጥ ያሳልፉበታል፣ ዘር የሚለቅሙ ወፎችም በበጋ ይመገቡበታል። በዓመቱ ቦታ ይቀያየራሉ። ሐዋሳ ላይ መስከረም ዝናቡ ገና አላባራም። ቀድሞ የታጨደ ድርቆሽ ብዙ ጊዜ ይሻግታል። ስለዚህ ትንሽ ማዘግየቱ እንደሚመስለው ኪሳራ አይደለም። ለጋውን ክፍል እንደ እርጥብ ሳር አብሉት እንጂ አትከምሩት።

ጊዜ ምን ያህል እንደሚለውጥ ማየት ከፈለጋችሁ በርጋ አለ። ከአዲስ ዓለም አቅራቢያ ያለ ረግረጋማ ሜዳ ነው። ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ በክረምት እዚያ ትፈለፍላለች። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዷ ናት። ጎጆዋ መሬት ላይ፣ ሳሩ መካከል ነው። ከብቱ ወይም ማጭዱ ጥቂት ሳምንት ቀድሞ ከገባ ጫጩት የለም። ጥቂት ሳምንት ከዘገየ አለ። ሳሩ ያው ሳር ነው።

አጨዳው ላይ ጥቂት ዝርዝር። ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር እጨዱ። ከዳር ዙሪያውን ከጀመራችሁ ያለው እንስሳ ሁሉ መሐል ላይ ይታጎርና መጨረሻ ላይ ያልቃል። ከመሬት አንድ መዳፍ ያህል አስቀሩ። የታጨደውን አንሡት፤ እዚያው ከተተወ ያፍናል። ጎጆ ካገኛችሁ ዙሪያውን ሳትነኩ እለፉ። በማጭድ ሲሆን ይሄ ቀላል ነው። በሞተር ማጨጃ ሲሆን ሰው ቀድሞ ይሂድ።

ማዳበሪያም አትጨምሩበት። ሳሩ ይጨምራል፣ ዓይነቱ ግን ይቀንሳል። እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባል የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1856 የተጀመረ የሳር መስክ ሙከራ እስከ ዛሬ አለ። ናይትሮጂን የበዛባቸው መደቦች በጥቂት ጠንካራ ሳሮች ተወረሱ። ምንም ማዳበሪያ ያልተደረገባቸው ግን በአበባ ዓይነት ሀብታም ሆነው ቀሩ። አገሩ ሌላ፣ ሳሩም ሌላ ነው። ምክንያቱ ግን እዚህም ይሠራል፦ ምግብ ሲበዛ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ያጨልምበታል።

ለሎጅና ለትምህርት ቤት ግቢ አንድ ነገር ብቻ። ሁሉንም በየሳምንቱ መላጨቱን ተዉት። ሰው የሚቀመጥበትን አሳጥሩ፣ ዳር ዳሩን ለቀቅ አድርጉት። «እባብ ይመጣል» የሚለው ስጋት ካለ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ሜትር አጭር ይሁን። ያ ይበቃል።

እሳት

እሳት ለሳር መሬት እንግዳ አይደለም። ቦረና ላይ አርብቶ አደሩ ከጥንት በእሳት ቁጥቋጦ ይቆጣጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማቃጠል ሲከለከል ቁጥቋጦው ሜዳውን እንዲወርር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይሄ ሆነ። ስለዚህ እሳት ሁልጊዜ ጥፋት ነው አልልም።

ሐዋሳ ዙሪያ ግን አልመክረውም። መሬቱ ጠባብ ነው። ቤት፣ የሳር ክምርና የሸንኮራ ማሳ ተጠጋግተዋል። በበጋ የሐይቁ ነፋስ አይታመንም። ያለ ፈቃድ ማቃጠልም በሕግ ያስጠይቃል። እሳት የሚሠራውን ሥራ ትንሽ መሬት ላይ ማጭድና መጥረቢያ ይሠሩታል። ይኸው ነው።

መኖ ሳር ወይም ዛፍ መትከል

ደሾና ዝሆኔ ሳር በጣም የሚወደዱ ናቸው። ልክም ነው። ደሾ ከጨንቻ ደጋ ተነሥቶ አገር ያዳረሰ፣ አፈር የሚይዝ፣ ደጋግሞ የሚታጨድ ሳር ነው። እርከን ላይ፣ የማሳ ወሰን ላይ፣ ጎርፍ በበላው ቦታ ላይ ትከሉት። ከጓሮ ብዙ መኖ ባገኛችሁ ቁጥር የተፈጥሮ መስኩ ላይ ያለው ጫና ይቀልላል።

ነገር ግን ደህና የተፈጥሮ ሳር አርሶ ደሾ መትከል ሌላ ነገር ነው። ያ ማለት ብዙ ዓይነት ሳርና አበባ አጥፍቶ በአንድ መተካት ነው። ለመኖ ምርት ያዋጣ ይሆናል። ብዝኃ ሕይወት ብላችሁ ከሆነ የጀመራችሁት «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ዛፍ ላይ ስደርስ አንዳንድ ሰው ይቆጣኛል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ብዙ ተክለናል። ገላጣ ተራራና የተራቆተ ተዳፋት ሲለብስ ደስ ይላል። ክፍት የሳር መሬት ሁሉ ግን የተራቆተ መሬት አይደለም። ሳር ላይ የሚኖር ወፍ ዛፍ ሲበዛ ይሄዳል፤ ዛፉ አሞራ ማረፊያ ይሆንበታል። ባህር ዛፍ ሲሆን ደግሞ ውሃውንም ይጠጣል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አይበቅልም። ረግረግ ዳር መትከል ከሁሉ የባሰ ነው።

መካከለኛ መንገድ አለ። ጣል ጣል ያለ ግራር ወይም ገርቢ። ገርቢ በክረምት ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ሥሩ ያለው ሳርና እህል ብርሃን አያጣም። ለአፈሩም ናይትሮጂን ይጨምራል። በሲዳማ የፍቼ ጨምበላላ በዓል ላይ የጎሳ መሪዎች ለሕዝቡ ከሚያስተላልፉት ምክር አንዱ የአገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚል ነው። ያለውን ጠብቁ፤ ሳር ባለበት ግን ጥቅጥቅ ያለ ደን አትፍጠሩ።

ጦም ያደረ ማሳ

እዚህ ላይ ምርጫው ይለያል። ማሳው ተመልሶ ይታረሳልና ጥያቄው በዕረፍቱ ጊዜ ምን ይሁንበት ነው።

አንደኛው ምርጫ ቃርሚያውን ለከብት መልቀቅ ነው። ሁሉም የሚያደርገው ይሄ ነው። ከብቱ ይበላል፣ ፋንድያም ያስቀራል። ነገር ግን ሁሉም ከብት በአንድ ጊዜ ሲገባ ማሳው ተላጭቶ የበልግ ዝናብ ባዶ አፈር ላይ ይወርዳል። ቢያንስ ገለባውን በከፊል አቆሙት። ከመከር በኋላም ወዲያው አትገልብጡ። የረገፈው ዘር ለወፎች የበጋ ስንቅ ነው።

ሁለተኛው ጥራጥሬ ወይም መኖ ዘርቶ ማሳረፍ ነው። ላብላብ፣ የርግብ አተር፣ ሰስባኒያ። አፈሩን ያዳብራሉ፣ ይሸፍናሉ፣ አበባቸው ንብ ይጠራል። የዱር ዕፅ ብዛት ለሚፈልግ ሰው ከተፈጥሮ ዕረፍት ያንሳሉ። ለገበሬ ኪስ ግን ይበልጣሉ። አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው ሰው ዝም ብለህ አሳርፍ ቢባል አይሰማም፣ እውነቱንም ነው። እሱን ይህን ምረጥ ነው የምለው።

ሦስተኛው የበቀለው ይብቀል ማለት ነው። መሬቱ ሰፋ ያለ ከሆነና አካባቢው ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ነው። የአገር አበቦች፣ መጭን ጨምሮ፣ ራሳቸው ይመጣሉ። እንቅፋቱ ቅንጨ አረም ነው። ባዶና የተረበሸ መሬት የእሱ ነው። አንዷ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ትሰጣለች። ሰው ቆዳ ላይ ያሳክካል፣ የበላችው ላም ወተት ይመርራል። ማሳችሁ ዙሪያ ቅንጨ ካለ የበቀለው ይብቀል አትበሉ። ሳያብብ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ጓንት አድርጋችሁ ከነሥሩ ንቀሉት። ሳሩ ጥቅጥቅ ካለ በኋላ ቅንጨ ቦታ አያገኝም።

አራተኛው የማሳውን ዳር ብቻ ማሳረፍ ነው። ሁሉም ሊያደርገው የሚችል ይመስለኛል። ወሰኑ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር የማይታረስ የሳር መስመር። ጎርፍ ይይዛል፣ የሚታጨድ ሳር ይሰጣል። ጣዝማም አለች። ጣዝማ ማሯን የምትሠራው መሬት ውስጥ ነው፤ ማረሻ በሚመላለስበት ቦታ አትቆይም። ብዙዎቹ የዱር ንቦችም መሬት ውስጥ ነው የሚራቡት። በዚህ መስመር ላይ ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት አትርጩ። ቱፎርዲ ሳር ይተዋል፣ ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል፤ ቅጠለ ሰፊው ደግሞ አበባው ነው። የበቆሎው ላይ ስትረጩም ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይሁን።

እንግዲህ ለማን የቱ?

የወል ተዳፋት ካላችሁና መሬቱ የተጎዳ ከሆነ፣ ሁለት ክረምት ከልሉ። ከዚያ ወደ ዓመታዊ አጨዳ ግቡ። መንደሩ ካልተስማማ ግን አትጀምሩት፤ ግማሽ ስምምነት ከምንም ይብሳል። ከብት ያላችሁና ሌላ መውጫ የሌላችሁ በዙር አሰማሩ። ከሦስት ክፍል አንዱን ለክረምት መዝጋት ከባድ ከሆነ ከአራት አንዱን ዝጉ።

እርጥብ መሬት ያላችሁ፣ በተለይ በጥቁር ውሃ በኩል፣ በማረሻ አትንኩት፣ ዛፍም አትትከሉበት። ዘግይቶ ማጨድ ወይም በበጋ ማሰማራት ይበቃዋል። ከውሃው ዳር ያለውን ሳር በስፋት አስቀሩ። ከግማሽ ሄክታር በታች ያላችሁ ገበሬዎች በማሳው ዳርና በጥራጥሬ ዕረፍት ጀምሩ። የግቢ ኃላፊዎች ዳር ዳሩን ልቀቁት።

ሁለት ዘዴ መካከል ካመነታችሁ ሁለቱንም ግማሽ በግማሽ ሞክሩ። ወሰኑ ላይ እንጨት ትከሉ። በየዓመቱ መስከረም አጋማሽ ላይ ከዚያው እንጨት ቆማችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በገመድ ለኩና በውስጡ ስንት ዓይነት አበባ እንዳለ ቁጠሩ። ስማቸውን ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ «ቢጫው»፣ «ሐምራዊው ትንሹ» ብላችሁ ጻፉ። ሠፈር ያሉ ልጆች ይህን ከእናንተ ይበልጥ ያውቁታል።

በሁለተኛው ዓመት ዓይነቱ ከቀነሰና አንድ ረጅም ሳር ብቻ ከነገሠ፣ ዕረፍቱ በዝቷል። አጨዳውን አንድ ወር ቀደም አድርጉት፣ ወይም በበጋ ጥቂት ከብት አስገቡ። ባዶ አፈር ከታየ፣ ወይም ሰርዶ ብቻ ከቀረ፣ ተቃራኒው ነው፦ ከብቱን ቀንሱ፣ የዕረፍት ተራውን አንድ ዓመት ጨምሩለት። ቅንጨ ብቅ ካለ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁማችሁ መጀመሪያ እሱን ንቀሉ።